ስለ ስስት፤ የቶም ዎከር ቤት

ስስት በገበያና በፍርድ አደባባይ ሲታይ ሁሉም ያውቀዋል። ባልንጀራውን ያታለለ ነጋዴ፥ የድኻ መሬት የነጠቀ ባለጸጋ በጣት ይጠቈማል። ነገር ግን ስስት ወደ አደባባይ ሳይወጣ አስቀድሞ ከቤት ውስጥ፥ በባልና በሚስት መካከል፥ ከጓዳና ከዶሮ ቆጥ ዘንድ እንደሚያድግ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህን ነገር አጥብቆ የሚያሳይ አንድ የአሜሪካ አጭር ታሪክ ስላለ፥ የዛሬውን ጽሑፋችንን ስለ እርሱ ልናደርግ ወደድን።

ታሪኩን የደረሰው ዋሽንግተን ኢርቪንግ ይባላል። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1783 ዓመት በኒው ዮርክ ከተማ ተወልዶ በ1859 ሞተ። ከአሜሪካ ደራሲዎች ወገን ስማቸው በኤውሮጳ ቀድሞ ከታወቀላቸው አንዱ ነው፤ ከ1842 እስከ 1846 ድረስም በእስፓንያ የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ አገልግሏል። የወንድሞቹ የንግድ ቤት በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ነበረና፥ በ1818 በከሰረ ጊዜ እርሱም የኪሣራው ተካፋይ ሆነ። ስለዚህ ስለ ዕዳና ስለ ባለ ዕዳ የጻፈው ከሩቅ የሰማውን ብቻ አይመስለንም። «ዲያብሎስና ቶም ዎከር» የተባለው ይህ ታሪክ በ1824 ከታተመው «የመንገደኛ ተረቶች» ከሚባለው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል።

ነገሩ የሚሆነው በ1727 ገደማ፥ በማሳቹሴትስ፥ ከቦስተን ከተማ አቅራቢያ ነው። ያን ጊዜ አገሩ በእንግሊዝ ንጉሥ እጅ ነበር። በ1701 በለንደን ተሰቅሎ የሞተው ኪድ የተባለ የባሕር ወንበዴ፥ የዘረፈውን ወርቅ በዚያ አገር ቀብሮታል፤ የሚጠብቀውም ሰይጣን ነው እየተባለ ይወራ ነበርና፥ ደራሲው ከዚህ ወሬ ተነሥቶ ጻፈ።

በዚያ ሰፈር ቶም ዎከር የሚባል ንፉግ ሰው ነበረ፤ ሚስቱም በንፍገት ከእርሱ የምታንስ አልነበረችም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለጎረቤት መንፈግ አልበቃ ብሏቸው እርስ በርሳቸው ይሰራረቁ ነበር። ሚስት በእጇ የገባውን ሁሉ ከባሏ ትሸሽጋለች፤ ዶሮ አስካካች እንደ ሆነ አዲሱን ዕንቍላል ለመውሰድ ፈጥና ትደርሳለች። ባልም የእርሷን መሸሸጊያ ሲፈትሽ ይውላል። የሁለቱ ነው ሊባል በሚገባው ንብረት ምክንያት ብዙ ጠብ ይነሣል፤ የቶምም ፊት አንዳንድ ጊዜ ጠቡ በቃል ብቻ እንዳልቀረ ይመሰክር ነበር። ቤታቸው ለብቻው የቆመ ነው፤ ከጭስ መውጫው ጭስ አይታይም፥ ከደጃፉም መንገደኛ አያርፍም። ፈረሳቸው የጐድኑ አጥንት እየተለየ የሚቈጠር፥ በአጥር ላይ አንገቱን አውጥቶ አላፊውን ሁሉ በዓይኑ የሚለምን ይመስላል። እንግዳ የማይገባበትና ጭስ የማይጨስበት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደ ሆነ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያሻም።

አንባቢ ልብ ያድርግልን፤ እስከዚህ ድረስ ሰይጣን ወደ ታሪኩ አልገባም። ይህን ታሪክ አንብቦ ቶምን ሰይጣን አሳተው የሚል ይኖራል። እኛ ግን የደራሲው ዐሳብ እንዲህ አይመስለንም። ቤቱ አስቀድሞ ፈርሷል፤ ሰይጣን የመጣው የፈረሰውን ለመረከብ ነው።

አንድ ቀን ወደ ማታ ቶም መንገድ ለማሳጠር ብሎ በረግረግ መካከል ሲያቋርጥ፥ ያገሩ ተወላጆች የሆኑት ሕንዶች ከመጤዎቹ ነጮች ጋራ በተዋጉ ጊዜ ከነበራቸው የፈረሰ ምሽግ ደረሰ። በዚያ ዐረፍ ብሎ በበትሩ አፈሩን ሲጭር መጥረቢያ የተሰነቀረበት የራስ ቅል አወጣ። ወዲያው አንድ ሰው ድምፁን አሰምቶ ገሠጸው። ሰውዬው ፊቱ በጥላሸት የተለወሰ፥ ዓይኑ የቀላ፥ መጥረቢያ በትከሻው የተሸከመ ነው። ደራሲው ጥቍር ሰው ብሎ ቢጠራውም፥ ከአፍሪካም ከሕንዶችም ወገን አለመሆኑን፥ ጥቍረቱም ከእሳት አጠገብ የሚሠራ ሰው ጥላሸት መሆኑን ለይቶ መናገሩን ሳናመለክት አናልፍም።

ይህ ሰው ለቶም ያሳየው ነገር በታሪኩ ውስጥ ካሉት ምሳሌዎች ሁሉ ይበልጥብናል። በረግረጉ ውስጥ በቆሙት ታላላቅ ዛፎች ግንድ ላይ የአገሩ ታላላቅ ሰዎች ስም ተቀርጾባቸዋል። ዛፎቹ ከውጭ ሲታዩ ለምለምና ያማሩ ናቸው፤ ውስጣቸው ግን በስብሷል፥ ግንዳቸውም በመጥረቢያ ተከትክቶ ነፋስ ቢነፍስ የሚወድቁ ሆነዋል። አንደኛው ዛፍ የዲያቆን ፒቦዲ ነው፤ ይህ ሰው በቤተ ክርስቲያን የተከበረ ሲሆን ሕንዶችን በንግድ እያታለለ የበለጸገ ነው። ሌላው ክራውኒንሺልድ የሚባል እጅግ ባለጸጋ ነው፤ ገንዘቡን በባሕር ውንብድና እንዳገኘው ይታማ ነበር፤ የእርሱ ዛፍ ተቈርጦ ለማገዶ ተዘጋጅቷል። ቶም ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ክራውኒንሺልድ በድንገት መሞቱን ሰማ። ጋዜጣውም ታላቅ ሰው ወደቀ ብሎ በውዳሴ ጽፎለት ነበር። እኛም የጋዜጣ ሰዎች ስለ ሆንን ከዚህ ቦታ ስንደርስ ፈገግ ማለታችን አልቀረም፤ የሞተውን ባለጸጋ ዛፍ ሰንጥቆ ውስጡን የሚመለከት ጋዜጣ በየትኛውም አገር ብዙ አይገኝምና።

ዛፉን ግን ሰይጣን አላበሰበሰውም። የእርሱ ሥራ እንጨት ቈራጭነት ነው፤ በውስጡ የበሰበሰውን እየመረጠ ለክረምቱ ማገዶ ይሰበስባል። በማዕርግና በክብር ለቆመ ሰው የሚያስፈራው ነገር ይህ ይመስለናል፤ ስሙ የተጻፈው ሰው ሁሉ በሚያየው ቅርፊት ላይ ነውና።

አሁን ወደ ቤቱ እንመለስ። ጥላሸት የለበሰው ሰው የኪድን ወርቅ በውል ሊሰጠው ቃል ገባ፤ ቶምም አስብበታለሁ ብሎ ተመለሰና የሆነውን ለሚስቱ ነገራት። እርሷም ወርቅ የሚለውን በሰማች ጊዜ ውሉን ፈጥኖ እንዲፈጽም አስጨነቀችው። ቶም እምቢ አለ፤ እምቢ ያለውም ለነፍሱ ፈርቶ ሳይሆን እርሷ ስለ ወደደችው ብቻ ነው። በታሪኩ ውስጥ ቶም ከሰይጣን ውል የራቀበት ጊዜ ይህ ነው፤ ይህም ከጽድቅ ሳይሆን ከጥላቻ የመጣ ነው። ሚስቲቱም ትርፉን ለብቻዋ ልታደርግ ቍርጥ ዐሳብ አድርጋ ወደ ረግረጉ ሄደች። መጀመሪያ ሳይሳካላት ተመለሰች። በማግሥቱ ማታ ግን የብሩን ብራድና የብሩን ማንኪያዎች፥ ለመሸከም የሚቻለውን ውድ ዕቃ ሁሉ በሽርጧ ቋጥራ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ተመልሳ አልታየችም።

ቶምም ስለ እርሷ ጥቂት፥ ስለ ብራዱና ስለ ማንኪያው ግን አብዝቶ ተጨነቀ። ሲመሽ ሄዶ ቢፈልግ ሽርጧ ተቋጥሮ ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ አየ፤ በአጠገቡም አሞራ ተቀምጧል። ሚስቲቱ ብትጠፋም ዕቃው ተገኘ ብሎ ደስ እያለው ወጥቶ አወረደው። ቋጠሮውን በፈታው ጊዜ ግን ልብና ጕበት ብቻ ነበረበት። ቶምም ስለ ጠፋው ንብረቱ በሚስቱ መጥፋት ተጽናና።

ደራሲው በዚህ ስፍራ ይስቃል። ለሴትዮይቱ ስም ስንኳ ስላልሰጣት፥ ሳቁ በእርሷ ላይ ያደላ ይመስለናልና ይህን አንወድለትም። ነገር ግን ሽርጡን አስቡልን። ሽርጥ የቤት እመቤት ምግብ ስታሰናዳ የምትታጠቀው ጨርቅ ነው፤ ብራዱና ማንኪያውም እንግዳ ሲመጣ ከማዕድ የሚቀርቡ ናቸው። እንግዳ በማይገባበት ቤት ተሸሽገው የኖሩት ዕቃዎች በመጨረሻ የቀረቡት ለሰይጣን ሆነ።

ከዚህ በኋላ ቶም ውሉን ለመፈጸም ራሱ ፈላጊ ሆነ። ሰይጣኑም ገንዘቡ ለእርሱ አገልግሎት እንዲውል ብሎ፥ አስቀድሞ የባሪያ መርከብ እንዲያሰናዳ ጠየቀው። ቶም ይህን ፈጽሞ እምቢ አለ። ኢርቪንግ ይህን በጻፈበት ጊዜ በአሜሪካ ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥና ይገዛ ነበር፤ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ነው። እንዲህ ያለው ንፉግ ስንኳ የተጸየፈውን ሥራ የተከበሩ ሰዎች ሳያፍሩ ይሠሩት ነበርና፥ ደራሲው ባጭር ቃል ብዙ ተናገረ።

እንግዲያው አራጣ አበድር ቢለው ቶም ደስ አለው። ሰይጣኑ በወር ከመቶ 2 ብቻ አስከፍል አለ፤ ቶም 4 አስከፍላለሁ ብሎ መለሰ። ይህን ጥቂት እናስላው። 100 ብር የተበደረ ሰው በየወሩ 4 ብር ወለድ ቢከፍል፥ በ25 ወር ሌላ 100 ብር ይከፍላል፤ የተበደረው 100 ግን ገና እንዳለ ነው። በ2 ብር ቢሆን 50 ወር ይፈጅ ነበር። በዚህ ውል ከሁለቱ ምሕረት ያለው ሰይጣኑ ነው።

ቶም በቦስተን የማበደሪያ ቤት ከፈተ። ዘመኑ ቤልቸር የተባለው ገዢ ከ1730 እስከ 1741 ያስተዳደረበት ነው። በ1740 መሬትን መያዣ አድርጎ የወረቀት ገንዘብ የሚያወጣ ባንክ ተቋቋመ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የእንግሊዝ ፓርላማ በሕግ ከለከለው። ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ልበልጽግ እያለ ገና ያልተሠራ ከተማ መሬት በካርታ ይሻሻጥ ነበር፤ በከሰረም ጊዜ ወደ ቶም መጣ። የችግረኛው ችግር በበዛ መጠን ቶም ውሉን አጠበቀበት። ትልቅ ቤት ሠራ፤ ነገር ግን ከንፍገቱ የተነሣ አብዛኛውን ሳይጨርስና ዕቃ ሳያስገባበት ተወው። ሰረገላም ያዘ፤ የሚስቡትን ፈረሶች ግን አስራባቸው፥ ለመንኰራኵሩም ቅባት ነፈገው። ድህነቱ ቢቀር የድሮው ቤት አልቀረም ማለት ነው።

ባረጀ ጊዜ ፈራ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪ ሆነ፤ ድምፁንም ከሁሉ ከፍ አድርጎ ይጸልይ ነበር። የጎረቤቶቹንም ኀጢአት እየቈጠረ፥ በእነርሱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ለእርሱ ገቢ የሚሆንለት ይመስለው ነበር። ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ በኪሱ ይይዛል፤ ትልቁም ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ይኖራል። ባለ ጕዳይ ሲመጣ አረንጓዴ መነጽሩን ላነበበበት ገጽ ምልክት አድርጎ ያስቀምጥና፥ ፊቱን መልሶ የአራጣ ውሉን ይዋዋላል። ከጥቂት ሰዎች በቀር ይህን መነጽር አይቶ የማያውቅ የመንግሥትም ሆነ የንግድ ጽሕፈት ቤት መኖሩን እንጠራጠራለን።

አንድ ቀን በሙቀት ጊዜ ማዕበል ሲያንዣብብ፥ ቶም የቤት ልብሱንና ነጭ ቆቡን እንደ ለበሰ የአንድ ወዳጁን ርስት በዕዳ ሊወርስ ተቀመጠ። ባለ ዕዳው ቤተ ሰቤ ይደኸይብኛልና ጥቂት ወራት ጨምርልኝ ብሎ ለመነው። ቶምም ዘመኑ ስለ ከፋ አስቀድሞ ለገዛ ቤቱ ማሰብ እንደሚገባው ነገረው። ቤት የሌለው ሰው ስለ ቤት ሲናገር ተመልከቱ! ባለ ዕዳው ከእኔ ብዙ አትርፈሃል ባለው ጊዜ፥ ቶም አንዲት ሳንቲም አትርፌ እንደ ሆነ ሰይጣን ይውሰደኝ ብሎ ማለ። ወዲያው በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ትንሹ መጽሐፍ ከካፖርቱ ኪስ ቀርቷል፥ ትልቁም ከመያዣው ውል ሥር ተደፍኗል። ጥላሸት የለበሰው ሰው ቶምን አንሥቶ በጥቍር ፈረስ ላይ አስቀመጠው፤ ፈረሱም በመብረቅ መካከል ወደ ረግረጉ ይዞት ጋለበ።

ንብረቱን እንዲረከቡ የተሾሙት ሰዎች ሣጥኑን ሲከፍቱ የዕዳ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ዐመድ ሆነው፥ በወርቅና በብር ፈንታ የእንጨት ፍላጭና ፍቅፋቂ ተሞልቶ አገኙ። ፍላጩ ከየትኛው ዛፍ እንደ ተቈረጠ ደራሲው አይናገርም፤ እኛ ግን የቶም ስም ከተጻፈበት ዛፍ ይሆናል ብለን እንገምታለን። ከጋጣውም በፈረሶቹ ስፍራ ሁለት ዐፅም ተገኘ፤ በማግሥቱ ትልቁ ቤት በእሳት ጠፋ። ልጅ ወይም ዘመድ መጥቶ ርስቱን እንደ ጠየቀ አልተጻፈም፤ የቦስተን ሰዎችም ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። የዚያ ባለ ዕዳ ቤተ ሰብ ግን፥ ውሉ ከሌሎቹ ጋራ ዐመድ ስለ ሆነ፥ ከርስቱ ሳይነቀል የቀረ ይመስለናል።