ለሰብል የተገዛ ኬሚካል ላም ላይና ቤት ውስጥ አይረጭ!

ክረምት መግቢያ ላይ ነን። ዝናቡ ሣሩን ሲያበቅል መዥገሩም አብሮ ይነሳል። በዚህ ወቅት ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ለሰብል የገዛሁት ማላታይን ተርፎኛል፤ ላሟ ላይና ቤት ውስጥ ብረጨው መዥገሩን አይገድልልኝም ወይ?»

መዥገሩን ሊገድል ይችላል። ግን አብሮ ማንን ይጎዳል? ላሟ ቆዳዋን ትልሳለች። ጥጃው ያንኑ ጡት ይጠባል። እኛም እናልበዋለን፤ ወተቱን ልጅ ይጠጣዋል። ቤት ውስጥ ከተረጨ ደግሞ መደቡ ላይ የሚተኛው፣ ወለሉ ላይ የሚድኸው ሕፃን ነው። ይህ ኬሚካል ነርቭ ነው የሚያጠቃው። ምራቅ መዝረብረብ፣ ላብ፣ ትውከት፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ መንቀጥቀጥና የትንፋሽ ማጠር ካያችሁ ልብሱን አውልቁለት፣ ገላውን በሳሙናና በውኃ እጠቡት፣ የኬሚካሉን ጠርሙስ ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ነገ ይሻለዋል አይባልም።

«የከብቱስ መድኃኒት መርዝ አይደል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ እሱም መርዝ ነው። ልዩነቱ ለእንስሳት ተብሎ የተዘጋጀው መድኃኒት በስንት ሊትር ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ለየትኛው እንስሳ እንደሚሆን፣ ወተቱና ሥጋው ለስንት ቀን ለምግብ እንደማይውል የታወቀ መሆኑ ነው። አይቨርሜክቲንም ቢሆን ወተቷ ለሰው በሚቀርብ ላም ላይ ዝም ተብሎ የሚወጋ አይደለም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳትጠይቁ አትጠቀሙ። በግምት በቆርኪ መለካትም ይቅር፤ ሲበዛ እንስሳውን ይጎዳል፣ ሲያንስ ደግሞ መዥገሩ ይለምደዋል።

እኔ ግን ዋናው ችግር መድኃኒቱ ላይ ብቻ ነው አልልም። ችግሩ መዥገርን ከብቱ ላይ ብቻ መፈለጋችን ነው። ሴቷ መዥገር ደም ጠጥታ ስትጠግብ ከከብቱ ላይ ትወድቃለች። ሣር ውስጥ፣ ገለባ ሥር ወይም ስንጥቅ ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። አንዷ ብቻ ከሺህ በላይ ትጥላለች እኮ! ዛሬ ላሟን ረጭታችሁ በረቱን ካልነካችሁት የሚፈለፈለው ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ መጀመሪያ መጥረጊያና እጅ ይቅደም። የበረቱን እበትና ጉድፍ ቶሎ ቶሎ አውጡ። በቤትና በበረት ዙሪያ ያለውን ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ አጭዱ። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ምረጉ። ዶሮዎች በረት አካባቢ ይጫሩ፤ መዥገር ለቅመው ይበላሉ። ግቢው በኬሚካል ከተረጨ ግን ዶሮውም ንቡም ነው የሚያልቀው። ጅብና ሌባ ፈርታችሁ ከብቱን ቤት ለምታሳድሩ ደግሞ ቢያንስ በአጥር ለዩት፤ መኝታችሁም ከወለል ከፍ ይበል።

ላሟን ስታልቡ ጡቷን፣ ብሽሽቷን፣ ጆሮዋንና ጭራዋ ሥር ዳብሱ። ረጅም አፍ ያለው መዥገር ጡት ላይ ከተተከለ ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲያመረቅዝ ጡቱ እስከ መጨረሻው ሊጠፋ ይችላል። ሦስት ጡት የቀራት ላም ገበያ ላይ ስንት እንደምታወጣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። የነቀላችሁትን ጣሳ ውስጥ ሰብስባችሁ አቃጥሉት እንጂ በጥፍር አትጨፍልቁት።

ውሻውንስ ማን ያየዋል? ሌሊት ግቢ ይጠብቃል፣ ቀን ከእረኛው ጋር ይውላል፣ ከልጆች ጋር ይጫወታል። ጆሮውን፣ አንገቱንና የጣቶቹን መሐል እዩለት። ለውሻ የተሰጣችሁን መድኃኒት ግን ለድመት አትቀቡ፤ ድመቷን ሊገድላት ይችላል።

ልጆች ከጥበቃ ሲመለሱ ከጆሯቸው ጀርባ፣ ብብታቸውን፣ ብሽሽታቸውንና የፀጉራቸውን ሥር እዩ። መዥገር ከተገኘ ላምባ ማፍሰስ፣ ቅቤ መቀባት፣ በእሳት መለብለብ አያስፈልግም። እሾህ የምታወጡበት ወረንጦ አለ አይደል? በእሱ ቆዳው አጠገብ ያዙትና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ቦታውን በሳሙና እጠቡ። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም በነከሰው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ከታየ ጤና ጣቢያ ሂዱና «መዥገር ነክሶኛል» በሉ። የመዥገር ትኩሳት የሚያመጣው ተህዋስ በአገራችን መዥገሮች ላይ ተገኝቷል። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፤ ካልነገራችኋቸው ባለሙያዎቹም ላይጠረጥሩት ይችላሉ።

የሚቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። የእንስሳት መድኃኒት ለአንድ አባወራ ብቻውን ሲሆን እንደሚከብድ አውቃለሁ። የተረፈው ማላታይን የሚያጓጓውም ለዚህ ነው። ታዲያ ማሳ በደቦ እናርም የለም ወይ? ከብቶቻችን የሚውሉት በአንድ ግጦሽ ላይ ነው። አንዱ ብቻ ቢያስረጭ ከጎረቤቱ ከብት የወደቀው መዥገር ተመልሶ ይመጣበታል። በአንድ ግጦሽ የምትጠቀሙ ጎረቤታሞች አዋጡና መድኃኒቱን ከእንስሳት ክሊኒክ በጋራ ግዙ፤ ባለሙያውን ጠርታችሁ በአንድ ቀን አስረጩ። ወጪው ይቀንሳል፣ ውጤቱም ይቆያል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። የተረፈውን የሰብል ኬሚካል ከነጠርሙሱ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። በቀበሌያችሁ በጋራ ማስረጨት የጀመራችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልን፤ ሌላውም ይማርበት።