ጭብጨባው ይቅርበት፣ ሥራ ስጡት

የጎረቤቴ ልጅ በእናቱ ማድ ቤት ጥግ ማሽን ሠርቷል። «ከወዳደቀ ዕቃ ተአምር ሠራ!» ልትሉ ነው አይደል? እኔም ዛሬ የምጣላው ከዚህችው ዓረፍተ ነገር ጋር ነው።

ማሽኑ ሲኤንሲ ይባላል፤ ኮምፒዩተር እያዘዘው እንጨት ይቀርጻል። በ1952 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ ለዕይታ የቀረበው የዚህ ዘር አያት ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳሳ የወረቀት ጥቅልል ነበር። የኛው ልጅ ሞተሮቹን ያገኘው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ፕሪንተሮች ሆድ ውስጥ ነው። ለስላሳዎቹ ዘንጎችም ከዚያው የወጡ ናቸው። ኤሌክትሪኩን የሚመግበው የተጣለ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ነው።

ሞተሩ በ200 እርምጃ አንድ ዙር ይጨርሳል፤ ባለጥርሱ ብረት ደግሞ በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ይገፋል። ሂሳቡን ስትሠሩት አንዷ እርምጃ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ታንሳለች። ይሄ እንግዲህ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ግን ዳዶው ልል ስለነበር ማሽኑ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ጥቂት እየባከነ፣ ክብ ቅረጽ ሲሉት እንቁላል ይቀርጽ ጀመር። ልጁ ሦስት ወር ታገለው። በመጨረሻ በሁለት ዳዶዎች መካከል ሞላ አስገብቶ ልሉን ወጥሮ ያዘው። ክቡም ክብ ሆነ።

ዕውቀቱ ያለው እዚህች ሞላ ላይ ነው። እኛ የምናጨበጭበው ግን ለቆሻሻው ነው።

«እኛ» ስል ራሴን ማውጣቴ አይደለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ኑ፣ አንድ ጉድ ላሳያችሁ» እያልኩ እዚያ ማድ ቤት ስንቱን ወስጃለሁ! አምና የመጻሕፍት መደርደሪያዬን በር በሐረግ ጌጥ ማስቀረጽ ስፈልግ ግን የት ሄድኩ? ባለ ትልቅ ማሽን ወርክሾፕ። ዕቃው በፒክአፕ ሲመጣ ተሸክሞ ያስገባልኝ ማን መሰላችሁ? ይኸው ልጅ። ጌጡን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ጋሼ፣ ጥሩ ሠርተውታል» አለኝ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ «ግን እኮ እኔም ጋ ይወጣ ነበር» አለ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር «የደራሲውን ድህነት ትታችሁ ድርሰቱን አንብቡ» እያልኩ ተማሪዎቼን አሰለቻቸው ነበር። የዚህን ልጅ ግን ድህነቱን ሳነብ ድርሰቱ አመለጠኝ።

አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያሉ ማረሻውን ግን ከሱው ይገዙ ነበር። ስድቡ ከመብዛቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ያኔ ተሰዳቢው ቢያንስ ገበያ ነበረው። እኛ ሠልጥነናል፤ አንሳደብም። እናወድሳለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ከዚያ ዕቃችንን ሌላ ቦታ እናዛለን። ለባለእጁ የትኛው እንደሚብስ እሱን ጠይቁት።

«ጥራቱስ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን መልሱ የሚገኘው በማዘዝ ነው። ቀብድ ስጡት፤ ልኩንና ቀኑን ተነጋገሩ። ካበላሸ እንደማንኛውም ባለሙያ ተቆጡት፣ ድጋሚ ይሥራው። ልጁን እንደ ባለሙያ ማክበር ማለት ይሄ ነው። ተአምር የሚሠራ ሰው ቀብድ አይጠየቅም፣ ሂሳብም አይከፈለውም፤ ባለሙያ ግን ይከፈለዋል።

የመደርደሪያዬ ሁለተኛ በር ገና ባዶውን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቀብዱን ይዤ ማድ ቤቱ ሄድኩ። ልጁ ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከተተና ሜትሩን አውጥቶ «ጋሼ፣ በሩ ስንት በስንት ነው?» አለኝ። ለዚያ ሁሉ አድናቆቴ እንደዚያ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም።