አንድ በር ብቻ አናንኳኳ

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፣

12ኛ ክፍል ስንደርስ ሁለት ዓይነት ምክር እንሰማለን። ቤት ውስጥ «ሐኪም ወይም ጠበቃ ሁን» እንባላለን። ውጭ ደግሞ «ለአንተ ቀለል ያለ ኮሌጅ ይበቃሃል» የሚል አይጠፋም። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ይጎዳሉ። የመጀመሪያውን የሰማ ልጅ አንድ ቦታ ብቻ አመልክቶ ካልተቀበሉት ተስፋ ይቆርጣል፤ ሁለተኛውን የሰማ ደግሞ ሊደርስበት የሚችለውን ሳይሞክር ይቀራል።

እናንተ በጎንደር ስታርሱ መሬቱን ሁሉ ጤፍ ብቻ አትዘሩበትም ነበር። ዝናቡ ቢያጥር ማሽላው ወይም ሽምብራው ቤተሰቡን ያሻግራል። የትምህርት ምርጫም እንዲሁ ነው።

ለምሳሌ ኮምፒዩተር መማር የሚፈልግ የአሽዶድ ልጅ እንውሰድ። ከፍ አድርጎ በሐይፋ ያለውን ቴክኒዮን ይጻፍ። ቀጥሎ የቤር ሸቫውን ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም እዚሁ ከተማችን ቅርንጫፍ ያለውን የሳሚ ሻሙን የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ይጨምር። በመጨረሻ ክፍት ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሲመዘገቡ ባግሩትም ሆነ ፕሲኮሜትሪ አይጠይቅም። መግባቱ ቀላል ቢሆንም መጨረሱ ግን ብርታት ይፈልጋል። መጨረሻ ላይ የሚጻፈውም ቢሆን ልጁ ደስ ብሎት የሚማርበት መሆን አለበት።

የትኛው ከፍ ያለ፣ የትኛው ተመጣጣኝ እንደሆነ የሚታወቀው በወሬ ሳይሆን በነጥብ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ የባግሩትን አማካይና ከ200 እስከ 800 የሚሰጠውን የፕሲኮሜትሪ ውጤት አጣምረው ያሰላሉ። የመግቢያው ነጥብ እንደ ትምህርት ክፍሉና እንደ ዓመቱ ይለያያል። ልጁ የራሱን አስልቶ ያስተያይ፤ ትንሽ ቢጎድለው መኺና ገብቶ ሊያሻሽል ይችላል።

ገንዘቡንም አብረን እንይ። መንግሥት በሚደጉማቸው ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያ ተመሳሳይ ነው፤ በግል ኮሌጆች ግን ብዙ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። «ቶሎ ተመዝገቡ» ብሎ የሚደውል ሰው ሲያጋጥማችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ለትውልደ ኢትዮጵያ ተማሪዎች ስለሚሰጠው ድጋፍም ጠይቁ።

ውድ ወላጆቻችን፣ ወረቀቱ በዕብራይስጥ ስለሆነ አያገባንም አትበሉ። «የት የት አመለከትክ? ያኛው ባይሳካ ወዴት ትሄዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁን። ይህን ለመጠየቅ አማርኛችን ይበቃል።