የበር ምሰሶ እንዴት ይተከላል?

ዛሬ የምናነበው ስለ ግቢ በር ምሰሶ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት የግቢያችን በር ከነምሰሶው ወደቀ። ጅብ ገባ። ጥጃችንን ወሰደ።

ጠዋት ምሰሶውን አገላብጠን አየነው። ከላይ ደህና ነው። ከሥሩ ግን ምስጥ በልቶታል። ጉድጓዱም አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። ጥፋቱ የጅቡ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባል የለ? እናንተ ግን ጅቡ ሳይመጣ ስሙን።

እንጨቱ፦ የጥድና የወይራ እንጨት ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጥድ ቢገኝ ደግ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ይበላል። ያለን እሱ ብቻ ከሆነ ቅርፊቱን እንላጥ፤ በደንብም እናድርቀው። እርጥብ እንጨት ከነቅርፊቱ አይተከልም።

ጉድጓዱ፦ የምሰሶውን ቁመት ለሦስት እንክፈል። ሁለቱ እጅ ከመሬት በላይ ይሁን፤ አንዱ እጅ ይቀበር። 6 ክንድ ምሰሶ 2 ክንድ ይቀበራል ማለት ነው። ጉድጓዱ ጠባብ ይሁን።

ድንጋዩ፦ በር ከባድ ነው፤ የተንጠለጠለበትን ምሰሶ ወደ ራሱ ይስባል። ምሰሶው ከላይ ወደ በሩ ሲያዘነብል ከሥሩ ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ እናዘጋጅ። አንዱን ከጉድጓዱ ሥር፣ ከምሰሶው ኋላ እናስገባ። ሌላውን ከጉድጓዱ አፍ፣ በበሩ በኩል እናስገባ። ምሰሶው በሁለቱ ተይዞ ይቆማል።

አፈሩ፦ አፈሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ አንሙላው። አንድ ስንዝር ሞልተን በዱላ እንጠቅጥቅ። እንደገና አንድ ስንዝር ሞልተን እንጠቅጥቅ። ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥለን ምሰሶው ቀጥ ማለቱን እንይ። በመጨረሻ ዙሪያውን አፈር ከፍ አድርገን እንከምር። የዝናቡ ውሃ ወደ ውጭ ይፈስሳል።

የልብስ ማስጫ ገመድ የሚሸከም ምሰሶም እንዲሁ ነው። ወዴት ይሳባል? ብለን መጀመሪያ እንጠይቅ።

አዲሱን ምሰሶ እንዲህ ተከልነው። ጅቡ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ዱካውን ጠዋት አየነው። ከበሩ ውጭ ነው።

ጥያቄ
1. 9 ክንድ ምሰሶ ስንት ክንድ ይቀበራል?
2. የእናንተ በር ምሰሶ ሲገፉት ይነቃነቃል? ዛሬ ሳይመሽ ሞክሩት።