የእርሻ መሬትን የመጠቀም መብት በብድር ዋስትና፤ አዲሱ አዋጅና የውሉ ዝርዝር

በ1997 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አሥተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 አንድ የተዛነፈ ድንጋጌ ነበረው። መሬት በኪራይ ወስዶ የሚያለማ ባለሃብት የመጠቀም መብቱን በዋስትና ማስያዝ ይችል ነበር። መሬቱን ከወላጆቹ የወረሰው፣ ግብር የሚከፍልበትና ደብተር በስሙ የወጣለት አርሶ አደር ግን ይህ መብት በአዋጁ አልተጻፈለትም። በ2016 ዓ.ም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1324 የቀድሞውን ሕግ ሲተካ ይህን ጉድለት ሞልቶታል። ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን ለፋይናንስ ተቋም በዋስትና አስይዞ መበደር ይችላል።

ነገሩ ለአማራ ክልል ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009 አስቀድሞ ፈቅዶታል፤ ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የቀድሞው አብቁተም በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ደብተር ላይ የተመሠረተ ብድር ሞክሯል። ታዲያ ምን ተለወጠ? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት ክልሎች መሬትን የሚያሥተዳድሩት የፌዴራሉን ሕግ ተከትለው ነው። የፌዴራሉ ሕግ ዝም ባለበት ጉዳይ ክልሉ ቢፈቅድም፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ባንክ ለመጠራጠር ምክንያት ነበረው። አሁን ያ ምክንያት ተነሥቷል።

ይሁንና አርሶ አደሩ የሚያስይዘው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በከተማ ቤቱን ያስያዘ ተበዳሪ ዕዳውን ባይከፍል ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል። የእርሻ መሬት ግን ሐራጅ አይወጣም። አበዳሪው የሚያገኘው ለተወሰነ ጊዜ በመሬቱ የመጠቀም መብት ብቻ ነው። ስለዚህ ባንኩ የሚያሰላው የመሬቱን ዋጋ ሳይሆን በየዓመቱ የሚያፈራውን ነው። በቆጋ መስኖ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚታረስ ማሳና ክረምትን ብቻ የሚጠብቅ ማሳ እኩል ብድር አያስገኙም።

ይህ አሠራር ገበሬው ከሚያውቀው ከወለድ አገድ ጋር ይመሳሰላል፤ አደጋውም ከዚህ ይጀምራል። በወለድ አገድ የተቸገረ አርሶ አደር ከጎረቤት ወይም ከነጋዴ ገንዘብ ወስዶ መሬቱን ያስረክባል። አበዳሪው ያርሳል፤ ምርቱ እንደ ወለድ ይቆጠራል፤ ዋናው ገንዘብ ግን አንዲት ብር አይቀነስለትም። አሥር ዓመት ቢታረስም ዕዳው ያው ነው። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ምስክሮች ፊት በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት አይደርስም። ተበዳሪው ሲሞት ልጆቹ መሬቱን ይጠይቃሉ፤ ያራሹ ወገን ደግሞ “ገዝተነዋል” ይላል። ሽያጭ ከሆነ ሕገ ወጥ ነው፤ ብድር ከሆነ ደግሞ ስንት ተከፍሎ ስንት እንደ ቀረ የሚያሳይ ነገር የለም። በወረዳ ፍርድ ቤቶች የሚመላለሱ ጠበቆች እንዲህ ያለውን መዝገብ በሚገባ ያውቁታል።

በእኔ እይታ ከወለዱ መጠን ይልቅ የብድር ውሉ መልካምነት የሚለካው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ አበዳሪው መሬቱን ቢይዝ የየዓመቱ ገቢ ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? ይህ በግልጽ ካልተጻፈና መሬቱ የሚመለስበት ቀን ካልተቆረጠ ባንኩ ራሱ ባለወለድ አገድ ይሆናል። በረዶ ወይም አንበጣ ምርቱን ቢያጠፋ ኪሳራው የማን እንደሆነም አብሮ መጻፍ አለበት፤ ዝም የተባለ ነገር ሁሉ በኋላ ክርክር ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፊርማ ነው። በክልላችን የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ባል ብቻውን ፈርሞ የጋራውን መሬት ቢያስይዝ ሚስቲቱ ውሉን ልትቃወም ትችላለች፤ ክርክሩም ለቤተሰቡ ሆነ ለባንኩ አይበጅም። ጠንቃቃ ጠበቃ ሁለቱን አስቀምጦ ውሉን ያነብላቸዋል። መሬቱ አስቀድሞ ለሌላ ሰው የተከራየ ወይም የእኩል የተሰጠ ከሆነም ለባንኩ መነገር አለበት። ውሉ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ካልተመዘገበ ያው መሬት ሁለት ጊዜ ሊያዝ ይችላል፤ ካርታ የሌለው የመጀመሪያ ደረጃ ደብተር ደግሞ የድንበር ጠብ ያስከትላል።

ብዙ የደጋ ቤተሰብ የሚያርሰው ከአንድ ሔክታር በታች ነው፤ ያውም በሁለትና በሦስት ቦታ የተበታተነ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሁሉንም ማሳ በአንድ ብድር ማስያዝ የለበትም። አንዱ ቢያዝ ከሌላው ይበላል። በሬው፣ በጉና እህሉም ቢሆኑ በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ሊያዙ የሚችሉ ናቸውና፣ ለማዳበሪያ የሚሆን ትንሽ ብድር መሬትን መንካት ላያስፈልገው ይችላል።

ክርክር ቢነሣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ነው፤ የሕግ ትርጉሙም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ስለዚህ ቀድመው ችሎት የሚደርሱት ጥቂት መዝገቦች የብዙዎችን ዕጣ ይወስናሉ፤ በደንብ ያልተሟገተ አንድ አርሶ አደር የሚሸነፈው ለራሱ ብቻ አይሆንም። ገበሬው ግን ከፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጦ ከሚያገኘው ራፖር ጸሐፊ በቀር ጠበቃ የማቆም አቅሙ ትንሽ ነው። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። እነዚህ ማዕከላት ከክስ በኋላ ከሚሰጡት ድጋፍ ይልቅ ፊርማ ከመፈረሙ በፊት ውሉን አንብበው ቢያስረዱ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

በንባቡ ጊዜ የመክፈያው ወር እንዳይዘነጋ። ዕዳው በታኅሣሥ ወይም በጥር የሚከፈል ከሆነ አርሶ አደሩ ጤፉን ገበያው በሞላበት፣ ዋጋው በወረደበት ጊዜ አውጥቶ ለመሸጥ ይገደዳል። ቀኑ ወደ ሚያዝያና ግንቦት ቢገፋ ያው ጎተራ የተሻለ ዋጋ ያገኛል። ይህን አስቀድሞ ተደራድሮ በውሉ ማስገባት ይቻላል።