በወረቀት ስለ መዋጋት

በእንግሊዝ አገር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1637 ዓመት ዊልያም ፕሪን፥ ሄንሪ በርተንና ጆን ባስትዊክ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ጳጳሳቱን የሚነቅፍ ጽሕፈት አውጥታችኋል ተብለው በአደባባይ ጆሮአቸው ተቈረጠ። ይህን የፈረደው «የኮከብ አዳራሽ» ይባል የነበረው የንጉሡ ችሎት ነው። ቅጣቱ ሌላውን ጸሐፊ ያስፈራል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ችሎቱ ራሱ ተሻረና የማተሚያ መኪናዎች ያለ ከልካይ ይሠሩ ጀመር። ንጉሡና ምክር ቤቱ ተጣልተው ጦር በተማዘዙበት ዘመን ስለ ሃይማኖትና ስለ መንግሥት የሚከራከሩ ጥቃቅን መጻሕፍት እንደ ክረምት ጐርፍ ፈሰሱ። ጆርጅ ቶማሰን የተባለ የሎንዶን መጽሐፍ ሻጭ ከ1640 እስከ 1661 የወጡትን እየለቀመ ቢያስቀምጥ ከ22,000 በላይ ሆኑለት።

ባለቅኔው ጆን ሚልተን በ1644 መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ፈቃድ ይጠየቅበት የሚለውን ደንብ ተቃውሞ ስመ ጥር የሆነ ድርሰት አሳተመ። ይኸው ሰው ግን በዚያው ድርሰቱ ለካቶሊኮች ነጻነቱን ነፈጋቸው፤ በ1651ም ራሱ ለጋዜጣ ፈቃድ ሰጪ ሆኖ ሠራ። ነጻነትን ለራስ መለመን ለሌላው ከመስጠት ምን ያህል እንደሚቀል ከዚህ ይታያል።

ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ግን እጅግ የሚያስፈራው ስለ አየርላንድ የተጻፈው ነው። በጥቅምት 1641 በአየርላንድ ሰሜን ያሉ ካቶሊኮች በመሬታቸው ላይ በሰፈሩት ፕሮቴስታንቶች ላይ ተነሡ። ሰው ተገደለ፤ ብዙውም ራቁቱን ወደ ብርድ ተባርሮ ሞተ። የዛሬ ሊቃውንት መርምረው እንደሚሉት የሞተው በሺሕ የሚቈጠር ነው፤ ይህም ብቻውን ታላቅ ኀዘን ነበር። የሎንዶን አታሚዎች ግን ይህን አልበቃ አሉት። ቍጥሩ ከወረቀት ወደ ወረቀት በተሻገረ መጠን እያበጠ ሄዶ፥ ሰር ጆን ቴምፕል በ1646 ባሳተመው መጽሐፍ 300,000 ደረሰ። በዚያን ጊዜ በአየርላንድ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች ሁሉ ቢቈጠሩ ይህን አያህሉም ነበር። በ1649 ክሮምዌል ድሮጌዳ የተባለችውን የአየርላንድ ከተማ ይዞ እጅግ ብዙ ሰው ባስፈጀ ጊዜ፥ ይህ በንጹሕ ደም እጃቸውን በነከሩት ላይ የመጣ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ሐሰተኛው ቍጥር አስቀድሞ ልብን አዘጋጀ፤ ሰይፉ በኋላ መጣ።

በዚያው ዘመን የምስክርነት ቃል ተጽፎ ነበር። ዛሬ በደብሊን ሥላሴ ኮሌጅ የሚገኘው መዝገብ 8,000 ያህል ቃል ይዟል። ጕድለቱ የአንዱን ወገን እንጂ የሁለቱን አለመሆኑ ነው፤ ቃላቸውን የሰጡት ከጥቂቶች በቀር ፕሮቴስታንቶች ናቸው። የካቶሊኩ ሙት አልተመዘገበም። በዚህም ምክንያት ያ መዝገብ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የጠብ መሣሪያ ሆኖ ኖረ።

ኢትዮጵያም ከዚህ ዐይነቱ ጦርነት ርቃ አልኖረችም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለ ካቶሊክ ሃይማኖት የተነሣው ክርክር ብዙ ደም አፍስሶ፥ በሰኔ 1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት በዐዋጅ ተመለሰ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ከወጡትም አንዱ አንቶንዮ ፈርናንዴዝ፥ እንግሊዞች ጦርነታቸውን በጀመሩበት በ1642 በፈረንጆች አቈጣጠር፥ «መዝገበ ሃይማኖት» የተባለውን የኢትዮጵያውያን ድርሰት የሚቃወም «መቅሠፍተ ሐሰታት» የሚል መጽሐፍ በጎዓ ከተማ በግእዝ ፊደል አሳተመ። አገሩን ለቆ የሄደ ሰው ከባሕር ማዶ ሆኖ በጽሕፈት መዋጋቱ እንግዲህ የዛሬ ሰው ያመጣው ነገር አይደለም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላም «ዴሞክራሲያ»ና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» የተባሉት ወረቀቶች ከአንዱ ከማርክስ እየጠቀሱ ሲሰዳደቡ፥ ክርክሩ ብዙ ሳይቈይ ከወረቀት ወደ ጥይት እንደ ተሻገረ ያየው ሰው ዛሬም በሕይወት አለ።

ይፋት ደግሞ ሁለት ብዕር የጻፈባት አገር ናት። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ከይፋት ሡልጣን ጋር የተደረገውን ጦርነት በግእዝ ይተርካል፤ ዓረብ ፈቂህ ደግሞ የኢማም አሕመድን ዘመቻ በዐረብኛ ጻፈ። በአንዱ ድል የተባለው በሌላው ጥፋት ነው። በሁለቱ መካከል የቆመ ሦስተኛ ጽሕፈትም አለ። በየመን ተወልዶ ከእስልምና ወደ ክርስትና የመጣው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም፥ በ1532 ዓ.ም. ገደማ አገሩ በእሳት ላይ ሳለ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን ድርሰት ለኢማም አሕመድ ጻፈ። ድርሰቱ ለሃይማኖቱ የሚከራከር ነው፤ ነገር ግን የሚከራከረው ከቁርኣን እየጠቀሰ፥ የባላጋራውን መጽሐፍ አስቀድሞ አንብቦ ነው። በስሙ ጻፈ፤ ለማን እንደሚጽፍም አልሸሸገም። የዛሬው ስም የለሽ ጽሕፈት ከዚህ ሁለቱም ይጐድለዋል።

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ እንደሚያየው፥ የይፋት ቈላ ሕዝብ በጥራዝ ለያይተው የሚያስቀምጡት ሕዝብ አይደለም። ማሾውና ሽንኩርቱ የሚሸጠው፥ ከብቱ የሚጠጣው፥ ልጁ የሚዳረው ተቀላቅሎ ነው። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ዐማራው፥ ኦሮሞው፥ አርጎባውና አፋሩ ይገናኛል። ይህም ሆኖ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ የሰው ሕይወት ጠፋ፥ ቤትም ተቃጠለ፤ ሸዋ ሮቢትም ከመከራው አልዳነችም፥ በኅዳር 2014 ደግሞ ታላቁ ጦርነት ደረሰባት። ከዚያ ወዲህ በእጅ ስልክ ከሰው ወደ ሰው የሚሮጠው ጽሕፈት የሙታኑን ቍጥር እንደ ወደደ ያበዛል ወይም ያሳንሳል። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሬሳ ይቈጥራል፤ የጎረቤቱን ግን ወሬ ነው ይላል።

ይህን በቅጣት ብቻ እገታለሁ የሚል ሹም የፕሪንን ጆሮ ያስታውስ። ወሬ ባዶ ስፍራ ሲያገኝ ይገባል፤ ባዶውን ስፍራ የሚሞላው የታመነ መዝገብ ነው። ስለዚህ የሰሜን ሸዋና የኦሮሞ ልዩ ዞን አስተዳዳሪዎች፥ ከካህናቱ፥ ከሼኾቹና ከአገር ሽማግሌዎቹ ጋር ሆነው፥ በእነዚያ ዓመታት የሞተውን ሰው ሁሉ በየቀበሌው አንድ በአንድ በስም ሊመዘግቡ ይገባል። ሥራው ቀላል አይሆንም፤ አንዳንዱ የገዛ ወገኑ ያደረገው በጽሕፈት እንዳይቀር ይፈራልና። ሆኖም የአየርላንዱ ዐይነት የአንድ ወገን መዝገብ ከሚሠራ ባይሠራ ይሻላል። ቃል ተቀባዮቹ ከሁለቱም ወገን ይሁኑ፤ ምስክሩም በሚናገርበት ቋንቋ፥ በአማርኛም በኦሮምኛም በአርጎብኛም፥ ቃሉ ይጻፍለት። የሁለቱም ወገን ሽማግሎች ያልፈረሙበት ገጽ መዝገቡ ውስጥ አይግባ። ሲያልቅም አንዱ ቅጂ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፥ አንዱ በቤተ ክርስቲያን፥ አንዱ በመስጊድ ይቀመጥ፤ ልጁን ያጣች እናት ስሙ በትክክል ተጽፎ እንደ ሆነ ሄዳ ለማየት ማንንም ደጅ እንዳትጠና።