ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ድራይቨሩ እንነጋገር

የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ በሚመረጥበት ሰሞን «ሲኤንሲ ራውተር እንሥራ» የሚል ቡድን ከዲፓርትመንታችን አይጠፋም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እንጨት የሚቀርጽ ማሽን በአነስተኛ ወጪ መሥራት ለአናጺውም ለእኛም ይጠቅማል። ችግሩ የሚመጣው ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል ሲባል ነው። ሁሉም መጀመሪያ የሚያየው ፍሬሙንና ሞተሩን ነው፤ ሞተሩ ትልቅ ከሆነ ማሽኑም ጠንካራ የሚሆን ይመስለናል። ድራይቨሩ ግን በተረፈችው ብር ይገዛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት በድራይቨሩና በፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው፤ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ለእነሱ የሚስማማው ይመረጥ።

ለነገሩ ሞተሩ ላይ የተጻፈው «ኔማ 23» የጉልበት መለኪያ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። አይደለም፤ የሞተሩ ፊት ስፋት 2.3 ኢንች ነው ማለት ብቻ ነው። ሻጩ የሚነግረን የጉልበት ቁጥርም ሞተሩ ቆሞ ሲይዝ ያለው ጉልበት ነው። ራውተር ደግሞ ቆሞ አይቆርጥም።

ሞተሩ ሲሽከረከር ምን እንደሚሆን እስቲ እናስላው። የስቴፐር ሞተር ጉልበት የሚመጣው በኮይሉ ውስጥ ከሚያልፈው ከረንት ነው፤ ኮይሉ ኢንዳክታንስ ስላለው ደግሞ ከረንቱ በአንዴ አይሞላም። ኢንዳክታንሱ 4 ሚሊሄንሪ፣ የሚፈልገው ከረንት 3 አምፔር ነው እንበል። በ24 ቮልት ከረንቱ እስኪሞላ፣ ሬዚስታንሱን ለጊዜው ብንተወው፣ 0.5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በ48 ቮልት ግማሹ ይበቃዋል። አሁን በአንድ ዙር 200 ስቴፕ ያለውን ይህንን ሞተር በደቂቃ 600 ዙር አሽከርክሩት። ለእያንዳንዱ ስቴፕ የሚደርሰው ጊዜ ያችው 0.5 ሚሊሰከንድ ናት! ከረንቱ ገና ሞላሁ ሲል ቀጣዩ ስቴፕ መጥቷል። በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር በሚሄድ ስክሩ ይህ ፍጥነት በደቂቃ 3 ሜትር ነው፤ ያን ያህል የተጋነነ አይደለም። ሞተሩ እዚያ ላይ ሲደክም ስቴፕ ይዘላል፤ ፊድባክ ስለሌለ ኮምፒውተሩ መዘለሉን አያውቅም፤ ሥራውን ይቀጥላል። ጥሩ የዋንዛ ጣውላ የሚበላሸው እንደዚህ ነው።

ጌኮድራይቭ የተባለው የአሜሪካ ድራይቨር አምራች ያስተዋወቀው ቀላል ሕግ አለ። የሞተሩን ኢንዳክታንስ በሚሊሄንሪ ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ32 አባዙት፤ የሚመጣው ለዚያ ሞተር የሚመከረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ለ4 ሚሊሄንሪ 64 ቮልት ይሆናል። እኛ አቅማችን የሚፈቅድልን ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ 50 ቮልት ላይ ያበቃል። ስለዚህ «ጉልበቱ ብዙ ነው» ተብሎ የተገዛው ትልቅ ሞተር በአነስተኛ ቮልቴጅ፣ ኢንዳክታንሱ ከ2 ሚሊሄንሪ በታች በሆነ መካከለኛ ሞተር ሊበለጥ ይችላል። ዳታ ሺቱን ሳያዩ ሞተር መግዛት ቁጥሩን ሳያዩ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ወደ ድራይቨሮቹ ስንመጣ፣ ከላብ ጀምሮ የምናውቀው ኤል298 አለ። ለትምህርት ጥሩ ነው። ግን በ2 አምፔር ላይ እስከ 5 ቮልት ገደማ እዚያው ቺፑ ላይ ቀርቶ ሙቀት ይሆናል፤ ከረንቱንም ኤል297ን ከመሰለ ሌላ ቺፕ ጋር ካልሆነ በራሱ አይቆጣጠርም። ትንሿ ኤ4988 ደግሞ ለስሪዲ ፕሪንተር ተስማሚ ናት። «2 አምፔር» ቢባልላትም ያለ ሂት ሲንክ 1 አምፔር አካባቢ ነው የምትችለው። 3 አምፔር የሚፈልግ ኔማ 23 ላይ መጫን ግፍ ነው።

ብዙ ቡድን የሚወድቅባት ግን ሦስት አክሲስ በአንድ ላይ የያዘችው የቲቢ6560 ቦርድ ናት፤ ምክንያቱም ርካሽ ናት። ይህ ቺፕ መጀመሪያ የሎጂኩ 5 ቮልት፣ ከዚያ የሞተሩ ቮልቴጅ እንዲደርሰው ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሊቃጠል ይችላል። መብራት ሄዶ በሚመጣበት አገር ይሄ ቀላል ነገር ነው? በዚያ ላይ አንዱ ቻናል ሲቃጠል ሌሎቹ ሁለቱ ደህና ሆነው ቦርዱ ለራውተሩ አይሆንም። ቲቢ6600 ተብለው የሚሸጡት ሳጥኖችም ብዙዎቹ ሲከፈቱ ውስጣቸው ቲቢ67ኤስ109 የሚባል ሌላ ቺፕ ነው ያለው። መጥፎ ቺፕ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አምፔር እንደ ወረደ አትመኑት።

የእኔ ምርጫ ዲኤም542 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለእያንዳንዱ አክሲስ አንድ አንድ፣ ከ36 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ጋር። ከ20 እስከ 50 ቮልት ይሠራል፣ ፒኩ 4.2 አምፔር ነው። 48 ቮልት ለምን አይሆንም ለምትሉኝ፣ ሞተሩ በድንገት ሲቆም ቮልቴጅ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ከ50 ጋር ተጠግቶ መቆም አያስፈልግም።

ማይክሮስቴፕ ላይም አትስገብገቡ። 32 ላይ ካደረጋችሁት በደቂቃ 600 ዙር ለመሄድ በሰከንድ 64,000 ፐልስ ያስፈልጋል፤ በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ የሚሠራው ጂአርቢኤል ደግሞ 30,000 አካባቢ ላይ ነው የሚያበቃው። 8 ላይ ብታደርጉት 16,000 ይበቃል።

«ተማሪ ከሆናችሁ ድራይቨሩን ራሳችሁ ሥሩት እንጂ ለምን ትገዛላችሁ?» የሚሉ መምህራን አሉ። አከብራቸዋለሁ፣ ክርክሩም ባዶ አይደለም፤ ከረንት እንዴት እንደሚቾፐር ሳያውቅ የሚመረቅ ሰው መኖር የለበትም። ግን ድራይቨር መሥራትና ራውተር መሥራት ሁለት ፕሮጀክት ነው። በአንድ ሴሚስተር ሁለቱን የያዘ ቡድን ዲፌንስ ቀን ላይ የሚያሳየው የተቃጠለ ቦርድና ያልተንቀሳቀሰ ማሽን ይሆናል። በቤንች ላይ አንድ ሠርቶ በኦሲሎስኮፕ ማየት፣ ማሽኑ ላይ ግን የተገዛውን መግጠም ይሻላል።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? የሚቃጠል ነገር እኛ ጋ ከዋጋው በላይ ያስከፍላል። ምትኩን ከውጭ ለማስመጣት ወይ የሚመጣ ሰው ይጠበቃል፣ ወይ መርካቶ ተዞሮ የተገኘው ይገዛል፤ ሴሚስተሩ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ዲፓርትመንቱ አራት ድራይቨርና አንድ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለሦስት አክሲስና አንድ መጠባበቂያ፣ ገዝቶ በላብ ንብረትነት ቢያስመዘግብና ለየዓመቱ ቡድን ቢያውስ ይሻላል ባይ ነኝ። ፍሬሙ ይለያይ፣ ሞተሩን ቡድኑ ይግዛ። ድራይቨር ተበድሮ የሚመልስ ቡድን ከሚፈርምበት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ በትልቁ ይጻፍ፤ ፓወሩ ሳይጠፋ የሞተሩን ገመድ መንቀል ክልክል ነው። ጥሩውንም ድራይቨር ቢሆን የሚገድለው ይሄ ነው።